የዕጢን የደም ሥር እድገት ለመግታት የትኛው ናኖ ቅንጣት ይመረጣል? በጎንደር ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ በፋርማሲ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚያቅድ ሰው የካንሰር ዕጢ የሚመገብባቸውን ደም ሥሮች በናኖ ቅንጣት (በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚለካ ደቃቅ ቅንጣት) መግታት የሚለውን ርእስ ሲመርጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወስነው ቅንጣቱ ከምን እንደሚሠራ ነው። ከብር ይሁን ከወርቅ፣ ከፖሊመር ይሁን ከስብ የሚለው ክርክር የፕሮፖዛሉን ግማሽ ይወስዳል። ይህ መመሪያ ግን ምርጫው ከሌላ ጥያቄ እንዲነሣ ይመክራል፤ ይኸውም «ቅንጣቱ ያቆመው የደም ሥሩን መብቀል ነው ወይስ ያገኘውን ሕዋስ ሁሉ መግደሉ ነው የሚለውን፣ በእጄ ባለው መሣሪያ ለይቼ ማሳየት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የማይገኝለት ቅንጣት በቀላሉ ቢዘጋጅም፣ ውጭ አገር በሚታተሙ መጽሔቶች ብዙ ቢጻፍለትም፣ ለጥናቱ ባለቤት መጥፎ ምርጫ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል።

ቅንጣቱ የሚወዳደረው ከነባሩ መድኃኒት ጋር ነው

የዘርፉ መነሻ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። በሐሳቡ መሠረት ዕጢ አዲስ ደም ሥር ወደ ራሱ ካልሳበ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አልፎ ማደግ ይሳነዋል፤ ኦክስጅንና ምግብ ያለ ደም ሥር ሰርጸው ሊደርሱ የሚችሉት በጣም አጭር ርቀት ብቻ ነውና። ዕጢው ይህን ወሰን ለመሻገር የሚልካቸው ምልክቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ከሁሉም በላይ የተጠናው በ1989 በናፖሊዮኔ ፌራራና በባልደረቦቹ ተለይቶ የታወቀው ቪኢጂኤፍ የተባለው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተደረደሩት የኢንዶተልየም ሕዋሳት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ፣ ሕዋሳቱ ይባዛሉ፣ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ በመጨረሻም አዲስ ቱቦ ይሠራሉ።

ይህን ፕሮቲን አስሮ የሚይዝ ቤቫሲዙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር እንዲሰጥ በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዷል። በ2008 ለጡት ካንሰርም ተፈቅዶ ነበር፤ ሆኖም የታካሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም ማስረጃ ስላልተገኘና ጉዳቱ ስላመዘነ፣ ለጡት ካንሰር የተሰጠው ፈቃድ በ2011 ተነሥቷል። የደም ግፊት መጨመር፣ መድማት፣ የአንጀት መበሳት፣ የቁስል ቶሎ አለመጠገንና በሽንት ፕሮቲን መውጣት ከታወቁት ጉዳቶቹ መካከል ናቸው። መንስኤያቸውም ቪኢጂኤፍ ለጤነኛው አካል ጭምር የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የናኖ ቅንጣት ተስፋ የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ መድኃኒቱን ከጤነኛው አካል አርቆ ወደ ዕጢው ማድላት ከቻለ ትርፍ አለው፣ ካልቻለ ግን ወጪ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያውን ምርጫ ማጥበብ ይቻላል። ቤቫሲዙማብ በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 20 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ በደም ሥር መስጠት ይበቃል። እንዲህ ረጅም ጊዜ የሚቆይን መድኃኒት በቅንጣት ውስጥ መክተት የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ሲሆን፣ በዝግጅት ጊዜ ያለው የማሟሚያ ኬሚካልና የድምፅ ሞገድ ፕሮቲኑን ሊያበላሸው ይችላል። በአንጻሩ የቪኢጂኤፍን ተቀባይ የሚያግደው ሶራፌኒብ በ2005 ለኩላሊት፣ በ2007 ለጉበት ካንሰር የተፈቀደ ክኒን ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚሟሟ፣ በቀን ሁለት ጊዜ 400 ሚሊግራም የሚወሰድ፣ የእጅና የእግር መዳፍን የሚያቆስልና ተቅማጥ የሚያስከትል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት ተሸካሚ መፈለግ ምክንያት አለው፤ ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት በእኛ አገር የጉበት ካንሰር የሩቅ ጉዳይ አለመሆኑም ርእሱን የተሻለ ያደርገዋል። ስለዚህ ተሸካሚ ቅንጣት የሚያስብ ተማሪ ፀረ እንግዳ አካላቱን ትቶ ወደ ትንንሾቹ የማይሟሙ መድኃኒቶች ቢያዘነብል ይሻላል።

ወደ ዒላማው የሚወስደው መንገድ

በአብዛኛው ፕሮፖዛል የሚጻፈው ምክንያት፣ ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማዬዳ በ1986 የገለጹት ክስተት ነው። የዕጢ ደም ሥሮች በጥድፊያ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው የሳሳና ቀዳዳ የበዛባቸው በመሆናቸው፣ በጤነኛ ደም ሥር የማያልፉ ትልልቅ ሞለኪውሎችና ቅንጣቶች ወደ ዕጢው ይሰርጋሉ፤ የሊምፍ ፍሳሹም ደካማ ስለሆነ እዚያው ይቆያሉ። ነገሩ እውነት ቢሆንም መጠኑ ብዙውን ጊዜ ተጋንኖ ይቀርባል። የብዙ ዓመታት የእንስሳት ሙከራዎችን ሰብስቦ በ2016 የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ ከተወጋው ቅንጣት ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪውን በአብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል፤ ከ5 ወይም 6 ናኖሜትር የሚያንሱ ጠጣር ቅንጣቶች ደግሞ በኩላሊት በኩል ይወጣሉ።

የደም ሥር መግታት ከሌሎች የካንሰር ናኖ ሕክምናዎች የሚለይበት አንድ ትልቅ ነጥብ እዚህ ላይ አለ፤ ተማሪዎች ሲያልፉት የሚታየውም ይኸው ነጥብ ነው። የካንሰር ሕዋስን ለመግደል የሚላክ ቅንጣት ከደም ሥር መውጣት፣ የዕጢውን ጥቅጥቅ ያለ ሕብረ ሕዋስ ማቋረጥና ሕዋሱ ጋ መድረስ አለበት። የኢንዶተልየም ሕዋስ ግን ፊቱን ወደ ደሙ ያዞረ ስለሆነ፣ ቅንጣቱ ከደም ሥሩ ሳይወጣ ሊያገኘው ይችላል። በ1998 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት፣ አዎንታዊ ኃይል የተሸከሙ ሊፖሶሞች (ከስብ የተሠሩ ደቃቅ ከረጢቶች) አዲስ በመብቀል ላይ ባሉ የዕጢ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተመርጠው እንደሚያርፉ አሳይቷል፤ ከዚያም ፓክሊታክሰል የተባለውን መድኃኒት የጫነ ተመሳሳይ ሊፖሶም እስከ ሰው ሙከራ ደርሷል። በ2002 ደግሞ ኢንቴግሪን አልፋቪ ቤታ3 የተባለውን፣ በመብቀል ላይ ባለ ደም ሥር ላይ የሚበዛ ተቀባይ የሚያነጣጥር ቅንጣት፣ የኢንዶተልየም ሕዋሳቱን የሚያጠፋ ዘረመል አድርሶ በአይጥ ዕጢዎችን ሲያከስም ታይቷል።

ይህን ያነበበ ሰው በቅንጣቱ ላይ አርጂዲ የተባለውን አነጣጣሪ ፔፕታይድ ለመለጠፍ መቸኮሉ አይቀርም። ነገር ግን አርጂዲን የሚመስሉ መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን ሲሰጡ የዕጢ ደም ሥርን ማበርታት እንደሚችሉ በ2009 ታትሟል፤ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሲለንጂታይድም በአንጎል ካንሰር ላይ በተደረገ የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ጥቅም ሳያሳይ ቀርቷል። አነጣጣሪ ሞለኪውል መለጠፍ ተጨማሪ ኬሚስትሪ፣ ተጨማሪ የማረጋገጫ መሣሪያና ተጨማሪ መቆጣጠሪያ (ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን የሚሠራ ሙከራ) ይጠይቃል። በአንድ ዓመት ለሚያልቅ ጥናት፣ ያልተለጠፈበት ቅንጣት በደንብ ተጠንቶ ቢቀርብ ይሻላል።

ሌላው በንድፍ ጊዜ መታሰብ ያለበት ተቃርኖ ነው። ቅንጣቱ ሥራውን በሚገባ ከሠራ ቀዳዳማዎቹ ደም ሥሮች ይቀንሳሉ፣ የቀሩትም ግድግዳቸው ይስተካከላል፤ ይህ ማለት ለቀጣዩ መጠን የገባበት በር ይጠባል ማለት ነው። የዕጢ ደም ሥር ተመራማሪው ራኬሽ ጄይን ቡድን በ2012 እንዳሳየው፣ ደም ሥሮቹ ሲስተካከሉ 12 ናኖሜትር ያላቸው ቅንጣቶች ወደ ዕጢው መግባታቸው ሲሻሻል፣ 125 ናኖሜትር ያላቸው ግን አልተሻሻለላቸውም። ስለዚህ ቅንጣቱን ከኬሞቴራፒ ቅንጣት ጋር አጣምሮ ለመስጠት የሚያስብ ሰው፣ የኬሞቴራፒውን ቅንጣት ግዝፈት ወደ ትንሹ ማዘንበል አለበት። የደም ሥርን በጣም መመንጠርም አደጋ አለው፤ በኦክስጅን እጥረት የተጨነቀ ዕጢ በአይጥ ላይ ይበልጥ ወራሪና ተሰራጭ ሆኖ እንደሚገኝ በ2009 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

ብር፤ ለመሥራት ቀላል፣ ለመተርጎም አስቸጋሪ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የብር ቅንጣትን በዕፅዋት ቅጠል ጭማቂ ማዘጋጀት የተለመደ ሆኗል። ብር ናይትሬት፣ የታጠበ ቅጠል፣ ማሞቂያና የብርሃን መምጠጫ መለኪያ ካለ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ግራዋም ሆነ ሽፈራው ለዚህ ያገለግላሉ። የብር ቅንጣት የኢንዶተልየም ሕዋሳትን መባዛትና መንቀሳቀስ እንደሚገታም ታትሟል። ታዲያ ለምን አይመረጥም?

ችግሩ ብር የሚጎዳው ነገር መብዛቱ ነው። ከቅንጣቱ የሚለቀቀው የብር አዮን ባክቴሪያን፣ የቆዳ ሕዋስን፣ የጉበት ሕዋስንና የኢንዶተልየም ሕዋስን ሳይለይ ይጎዳል። ደም ሥር ቀነሰ የሚል ውጤት ሲገኝ፣ ምልክቱ ታግዶ ነው ወይስ ሕዋሱ ተመርዞ ነው የሚለውን ለመለየት፣ እኩል የብር መጠን የያዘ ብር ናይትሬት፣ ቅንጣት የሌለበት የቅጠል ጭማቂ፣ እንዲሁም የኢንዶተልየም ያልሆነ ሕዋስ ጎን ለጎን መሞከር አለባቸው። የቅጠሉ ጭማቂ ራሱ ደም ሥር የሚገቱ ፍላቮኖይድ የተባሉ የዕፅዋት ውህዶች ሊኖሩት ስለሚችል ነገሩ ይወሳሰባል፤ ቅጠሉ በክረምት ከተለቀመና በበጋ ከተለቀመ ይዘቱ ስለሚለያይም ሁለተኛው ዝግጅት ከመጀመሪያው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። እነዚህን ሁሉ መቆጣጠሪያዎች የሚሠራ ሰው ብርን ቢመርጥ አይነቀፍም። መቆጣጠሪያዎቹን ለማሳጠር ሲባል ብርን መምረጥ ግን የዚህን መመሪያ ዋና ጥያቄ ሸሽቶ ማለፍ ነው።

ወርቅ፤ ሥልቱ የታወቀ

ወርቅን ከብር የሚለየው ሥራውን የሚሠራበት መንገድ ተለይቶ መታወቁ ነው። ከ2005 ጀምሮ ሙከርጂና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ምንም ያልተለበሰ የወርቅ ቅንጣት ሄፓሪን የሚይዝ ክፍል ባላቸው የእድገት ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቆ ሥራቸውን ያግዳል። ቪኢጂኤፍ165 የተባለው ዓይነት ይህ ክፍል ስላለው ይታገዳል፤ ቪኢጂኤፍ121 ክፍሉ ስለሌለው አይታገድም። ይህ ልዩነት ለተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንዱን ፕሮቲን አግዶ ሌላውን የማያግድ ቅንጣት፣ በመርዛማነት ሳይሆን በሥልት እንደሚሠራ ራሱ ይመሰክራልና። ሁለቱን ፕሮቲኖች ገዝቶ ማስመጣት ውድ ቢሆንም፣ የሚያስፈልገው መጠን በማይክሮግራም የሚቆጠር ስለሆነ ከሙሉ የሕዋስ ማሳደጊያ ቤተ ሙከራ ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ዝግጅቱም ቀላል ነው። በ1951 በተርኬቪች የተገለጸው ዘዴ የወርቅ ጨውን በፈላ ውኃ አሟሙቶ ሲትሬት መጨመር ነው፤ ቀላል ቢጫው ፈሳሽ ጠቁሮ ከዚያ ወደ ጥልቅ ቀይ ሲለወጥ ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ያሉ ቅንጣቶች ተሠርተዋል። የሲትሬቱን መጠን ከወርቁ ጋር በማመጣጠን መጠናቸውን መቀየር ይቻላል። ቀዩ ቀለም ከ520 ናኖሜትር አካባቢ ካለው የብርሃን መምጠጥ የሚመጣ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ ሲጣበቁ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። በመሆኑም ውድ መሣሪያ የሌለው ሰው እንኳ ዝግጅቱ መበላሸቱን በዓይኑ ያያል፤ ይህን የቀለም ለውጥ የፖሊመርና የስብ ቅንጣቶች አይሰጡም።

የወርቅ ድክመት በደም ውስጥ ይገለጣል። ያልተለበሰ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ በአልቡሚንና በሌሎች ፕሮቲኖች ወዲያው ስለሚሸፈን፣ ቪኢጂኤፍን የሚይዝበት ገጽ ይሸፈናል። ወርቅ በሰውነት ውስጥ ስለማይበሰብስም በጉበት ለረጅም ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ ወርቅ ሥልትን ለማጥናት ጥሩ ሲሆን፣ ለሕክምና ቅርብ ነው ብሎ መጻፍ ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

እግረ መንገድ ስለ ሌሎቹ ማዕድናት፤ የሴሪየም ኦክሳይድ ቅንጣት በአንዳንድ ጥናት ደም ሥርን ሲገታ፣ በሌላ ጥናት ሲያበረታ ታትሟል፤ የዩሮፒየም ሃይድሮክሳይድ ዘንጎች ደግሞ የሚያበረቱ ናቸው። ለመጀመሪያ ጥናት አይመከሩም።

ፖሊመር፤ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚመጥነው

ፒኤልጂኤ የሚባለው ፖሊመር በሰውነት ውስጥ ወደ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ የሚፈራርስ፣ በሌሎች በተፈቀዱ መድኃኒቶች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ነው። የሁለቱ አሲዶች ድርሻ እኩል ሲሆን በአንድና በሁለት ወር መካከል ይፈርሳል፤ መድኃኒቱንም ቀስ በቀስ ይለቃል። ይህ ለደም ሥር መግታት ይስማማል፤ ምልክቱ ያለማቋረጥ ስለሚላክ፣ አንድ ጊዜ በብዛት ከመስጠት ይልቅ በጥቂቱ ሳያቋርጡ መስጠት ይመረጣልና። ሶራፌኒብን ከፖሊመሩ ጋር በአሴቶን አሟሙቶ በማነቃነቅ ላይ ባለ ውኃ ውስጥ ማንጠብጠብ ናኖ ቅንጣት ይሰጣል፤ ዘዴው ከማግኔት ማነቃነቂያና ከጥሩ ሴንትሪፊዩጅ ብዙም የበለጠ አይጠይቅም። ፖሊመሩ እርጥበትና ሙቀት ስለሚያፈርሰው በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ የተሠራው ቅንጣትም ቶሎ በማድረቅና በማቀዝቀዝ ካልተጠበቀ በውኃ ውስጥ እንዳለ መድኃኒቱን ማፍሰስ ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ የፖሊመር ጥቅም መቆጣጠሪያው ግልጽ መሆኑ ነው። ባዶው ቅንጣት፣ መድኃኒቱ ብቻውንና መድኃኒት የያዘው ቅንጣት ጎን ለጎን ሲሞከሩ፣ የቅንጣቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በቀጥታ ይታያል። የማያወላውል መልስ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ንድፍ የለም።

ብዙ ሰው ከሶራፌኒብ ይልቅ ከእርድ የሚገኘውን ኩርኩሚን ለመጫን ይፈልጋል፤ እርድ ከቅዳሜ ገበያ በኪሎ ስለሚገዛና ኩርኩሚን ደም ሥርን እንደሚገታ ስለተጻፈ ምርጫው የሚያጓጓ ነው። ሆኖም ኩርኩሚን የሴረም ፕሮቲን በሌለበት ገለልተኛ መሟሟያ ውስጥ አብዛኛው በግማሽ ሰዓት ይፈርሳል፤ ራሱ ቀለም ያለውና ብርሃን የሚያመነጭ ስለሆነም በቀለም የሚለኩ ሙከራዎችን ያሳስታል። የሚመርጠው ሰው ንጹሑን ኩርኩሚን ገዝቶ፣ መለኪያው በቀለሙ አለመሳሳቱን ሕዋስ በሌለበት ሳህን አረጋግጦ መጀመር ይኖርበታል።

ሊፖሶምና ዘረመል ዝም የሚያሰኙ ቅንጣቶች

ሊፖሶም ከሁሉም ናኖ መድኃኒቶች ረጅም የሕክምና ታሪክ ያለው ነው፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የጫነው ዶክሲል በ1995 ተፈቅዷል። ለመሥራት ግን ንጹሕ ፎስፎሊፒድ (የሊፖሶሙ ግድግዳ የሚሠራበት ስብ)፣ ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ማሟሚያን በቫኩም የሚያተን መሣሪያ) እና 100 ናኖሜትር ቀዳዳ ያለው ማሳለፊያ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ሊፒዱ በአየር ይበላሻል፣ ከውጭም ማስመጣት ወራት ይወስዳል። ቫኩም ፓምፑ የሚሠራ ሮታሪ ኢቫፖሬተር በእጁ ያለ ሰው ከፖሊመር ቀጥሎ ሊያስበው ይችላል።

ኤስአይአርኤንኤ (አንድን ዘረመል ዝም የሚያሰኝ አጭር አርኤንኤ) የጫኑ የስብ ቅንጣቶች ከሳይንሱ አንጻር ከሁሉም የረቀቁ ናቸው፤ የቪኢጂኤፍን ዘረመል መልእክት በቀጥታ ይቆርጣሉና። ኤኤልኤን ቪኤስፒ የተባለው ቅንጣት ቪኢጂኤፍንና ሌላ አንድ ፕሮቲን አንድ ላይ እንዲያነጣጥር ተሠርቶ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የሰው ሙከራው ውጤት በ2013 ታትሟል። 41 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ በጉበቷ የተሰራጨ የማሕፀን ካንሰር የነበራት አንዲት ታካሚ ዕጢዎቿ ሙሉ በሙሉ ጠፍተውላታል። ይሁን እንጂ ይህን ጎንደር ላይ ከባዶ መጀመር አይመከርም። አርኤንኤ በጣት ላይ ባለ ኤንዛይም እንኳ ይቆራረጣል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የጥልቅ ማቀዝቀዣ ሰንሰለቱን መጠበቅም ከሙከራው በላይ ያደክማል። የውጭ አጋር ኖሮ ቅንጣቱ ተሠርቶ የሚመጣ፣ እዚህ የሚሠራው ምዘናው ብቻ ከሆነ ሐሳቡ ይለወጣል።

ጎንደር ላይ ሲሠራ የሚለወጡ ነገሮች

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ነው። የተርኬቪች ዘዴ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ሲጻፍ «የሚፈላ ውኃ» ማለት 100 ዲግሪ ነበር። የወርቅ ቅንጣቱ አፈጣጠር በሙቀት ላይ ስለሚመሠረት፣ የቀለሙ ለውጥ ሊዘገይና መጠኑ ከታተመው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የታተመውን መጠን እንዳለ መገልበጥ ሳይሆን፣ የሲትሬቱን መጠን እየቀያየሩ የራስን ሰንጠረዥ መሥራት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ሳምንት ዕቃ ማጠብና ውኃ ማጣራት ስለሚስተጓጎል፣ የተጣራ ውኃ በተዘጋ ዕቃ አስቀድሞ ማከማቸትም ግድ ነው። ወርቅ በቆሻሻ ብርጭቆ ላይ ይጣበቃልና ዕቃው በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ታጥቦ፣ በብዙ የተጣራ ውኃ መለቅለቅ አለበት።

ምዘናውን በሚመለከት ሁለት መንገዶች ይወዳደራሉ። አንደኛው ከእትብት ደም ሥር የተወሰዱ የኢንዶተልየም ሕዋሳት ማትሪጄል በተባለ የሕዋስ ማሳደጊያ ጄል ላይ ቱቦ ሲሠሩ መመልከት ነው። እትብት ከማዋለጃ ክፍል በእናትየው ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ሕዋሱን ከእትብት የመለየት ዘዴም ከ1973 ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር፣ የማያቋርጥ መብራትና ማትሪጄል ያስፈልጋል፤ ማትሪጄል ደግሞ ከበረዶ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ስለሚረጋ፣ በመጓጓዝ ላይ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው በማደግ ላይ ባለ የዶሮ ሽል ሽፋን ላይ ደም ሥሮችን መቁጠር ሲሆን፣ ለአብዛኛው የጎንደር ተማሪ የሚመከረው ይህ ነው። ጽንስ ያለው እንቁላል በ37.5 ዲግሪ ይታቀፋል፤ በ3ኛው ቀን ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ በ8ኛው ቀን አካባቢ ቅንጣቱ በትንሽ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ሆኖ ሽፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ በ10ኛው ቀን ፎቶ ተነሥቶ ደም ሥሮቹ ይቆጠራሉ። አጉሊ መነጽርና ካሜራ ይበቃል። ማሞቂያው ለጥቂት ሰዓት መብራት ቢቋረጥበት የሚይዝ ባትሪ ግን ሊኖረው ይገባል።

ስለ እንቁላሉ አመራረጥ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ለሽያጭ ብቻ እንቁላል የሚያመርቱ እርባታዎች አውራ ዶሮ ስለማይቀላቅሉ እንቁላላቸው ጽንስ የለውም፤ ከእርባታው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ አውራ ካለበት መንጋ መውሰድ ይገባል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከገበያ ቢገዛ ጽንስ ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም የተጣለበት ቀን አይታወቅም። በተለይ በዐቢይ ጾም የእንቁላል ዋጋ ስለሚወርድ ለሙከራ የተመቸ ቢመስልም፣ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ እንቁላሉ ለብዙ ቀን ሳይሸጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከሳምንት ያለፈው እንቁላል ደግሞ ሽሉ ብዙ ጊዜ ይሞታል። የሞተውን ሽል የቅንጣቱ መርዛማነት አድርጎ መቁጠር ከባድ ስሕተት ስለሆነ፣ ምንም ያልተደረገባቸው እንቁላሎች ከእያንዳንዱ ዙር ጋር መግባት አለባቸው።

ከፍታው እዚህም ይገባል። የኦክስጅን ማነስ የሽሉን ሽፋን ደም ሥር እንዲያበዛ የሚገፋ ምልክት ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ የሚቆጠረው የደም ሥር ብዛት በቆላ ከተማ ከታተመው ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይገባም። ማንኛውም ውጤት እዚሁ በተሠራ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ባዶ ወረቀት፣ የመሟሟያው ፈሳሽ ብቻ፣ ቪኢጂኤፍ የተጨመረበትና እንደ ሶራፌኒብ ያለ የታወቀ ገቺ የተጨመረበት እንቁላል መመዘን አለበት። ጥናቱ ወደ አይጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ፣ ቤቫሲዙማብ የሰውን ቪኢጂኤፍ እንጂ የአይጥን በሚገባ ስለማያግድ ለማነጻጸሪያ መምረጡ እንደሚያሳስት መታወቅ አለበት። ሽል ላይ ለሚሠራው ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ምን እንደሚጠይቅም እንቁላል ከመታቀፉ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ለማን የትኛው

አንድ ዓመት ጊዜ፣ መጠነኛ በጀትና የብርሃን መምጠጫ መለኪያ ያለው የማስተርስ ተማሪ፣ 20 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የወርቅ ቅንጣት በዶሮ ሽል ሽፋን ቢመዝን ይሻላል። ጥያቄው ጠባብ፣ መልሱ ግልጽ ይሆንለታል። ሦስትና አራት ዓመት ያለው፣ የመድኃኒት መጠን የሚለካበት ክሮማቶግራፊ የሚሠራለት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ሶራፌኒብ የጫነ ፒኤልጂኤ ይምረጥ፤ ድካሙ ይበዛል፣ ሥራው ግን ለሕክምና ይበልጥ ይቀርባል። የዕፅዋት ኬሚስትሪ ዕውቀት ያለውና ቅጠሉን በሚገባ የሚያውቅ ቡድን ከሆነ ብርን መተው የለበትም፤ ሆኖም ርእሱን «ደም ሥር ይገታል ወይ?» ከሚለው ወደ «ለኢንዶተልየም ሕዋስ መርዝ የሚሆነው በምን መጠን ነው? ለሌሎቹስ?» ወደሚለው ቢለውጠው ሐቀኛ ይሆናል። ሊፖሶምና ኤስአይአርኤንኤ አጋር ለተገኘለት ይቆዩ።

ይህን ጽሑፍ በቤቱ ታካሚ ስላለበት የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ ቪኢጂኤፍን ለመግታት ተብሎ ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ ናኖ ቅንጣት እስካሁን እንደሌለ ሊያውቅ ይገባል። የወርቅም ሆነ የብር ቅንጣት አለበት ተብሎ የሚቀርብ ፈሳሽ ለካንሰር መድኃኒት አይደለም፤ ከሆስፒታሉ የተሰጠ ሕክምናም በእርሱ ምክንያት መቋረጥ የለበትም።

ማንኛውም ቅንጣት ሲመረጥ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ወደ ሌላ ተቋም ተልኮ እንደሚሠራ ታስቦ ዕቅዱ ይነደፍ። ናሙናው እስኪሄድና ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በእንቁላሉ ላይ የተቀመጠው ዝግጅት ራሱ፣ ከዚያው ጠርሙስ ተቀንሶ፣ የተዘጋጀበት ቀንና ቀለሙ ተጽፎበት መላክ አለበት። ለማይክሮስኮፑ ተብሎ በኋላ ሌላ ዝግጅት ከተሠራ፣ የሚመለሰው ምስል ሙከራው ላይ ያልዋለ ቅንጣት ምስል ነው።